በር መዝጋትና ለቅሶ መድረስ፦ የወረርሽኝ ገደብና የቤተሰብ ዝምድና ከ1911 እስከ 2012 ዓ.ም.

(በትምህርት ክፍሉ ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተጻፈ)



ለዛሬ የመረጥኩት ርእሰ ጉዳይ ሁላችንም የኖርንበት፣ ነገር ግን በታሪክ ዐይን ገና ያልመረመርነው ነው። ወረርሽኝን ለመግታት የሚጣል ገደብ የቤተሰብን ዝምድና ምን ያደርገዋል? ስለ ወረርሽኝ ስንጽፍ የታመመውንና የሞተውን እንቆጥራለን፤ ስለ ድንጋጌ ስንጽፍ አንቀጽ እንጠቅሳለን። በሁለቱ መካከል ያለው ቤት ግን፣ ወላጅና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙበት ስፍራ፣ ከጽሑፋችን ይቀራል። ይህን ጉድለት ለማሳየት ሁለት ዘመናትን ጎን ለጎን አቀርባለሁ።

ከወረርሽኝ መራቅ በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ቆራጣ ላይ ኮሌራ በገባ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈራቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዛውረዋል። ሰፈርን ማዛወር ግን ሰውን ከነወገኑ ይዞ መሄድ ነው። ሰውን ከወገኑ ነጥሎ ማቆየት ከዚህ የተለየ፣ እጅግም የከበደ ነገር ነው።

በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን «የኅዳር በሽታ» እንመልከት። ይህ በዓለም ዙሪያ የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ወረርሽኝ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሰሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች ካቆዩልን ምስክርነት እንደምንረዳው፣ በዚያ ወቅት ቤተሰብን የለያየው ከሁሉ በፊት በሽታው ራሱ ነበር። ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወድቅ ስለነበር ለታመመው ውኃ የሚያቀብል ጤነኛ አይገኝም ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ያለ ወጉ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ልብ በሉ፦ ያቆየነው የጢሱን ትዝታ ነው። ወላጆቻቸውን ያጡት ልጆች በማን እጅ እንዳደጉ፣ በየቤቱ የትኛው ዘመድ የትኛውን እንደ ወሰደ የሚነግረን ጽሑፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ወደ 2012 ዓ.ም. እንለፍ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ተሐዋሲ ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሰው ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በተከተለው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ሆነ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚገኘው ሰው ቁጥር ከ50 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ትንሣኤና ግንቦት 16 ቀን የዋለው ዒድ አልፈጥር ሁለቱም በየቤቱ ተከበሩ።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1911 ዘመድ ለዘመዱ ያልደረሰው መድረስ ስላልቻለ ነው። በ2012 ግን መንገዱ ክፍት፣ ጉልበቱም ሳለ እንዲቀር ተጠየቀ። መቅረት ለአያሌ ዘመናት የነውር ምልክት ሆኖ በኖረበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ መቅረት በድንገት የፍቅር ማረጋገጫ ሆነ። «እናትህን የምትወድ ከሆነ አትጠይቃት» ማለት ለእኛ ቋንቋ እንግዳ ንግግር ነው።

የ50 ሰው ወሰን ቀላል ቁጥር ሊመስል ይችላል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአባቴ እኅት በክፍለ ሀገር ሲያርፉ የተመለከትኩትን ልናገር። የሞቱት በሌላ ሕመም ነው። ታላላቆቻችን በስልክ ተማክረው ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር መለየት ነበረባቸው። ልጆቻቸው ያለ ጥርጥር ይሄዳሉ፤ ታዲያ ያሳደጓቸው የእኅት ልጆችስ? አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤቶችስ? ዕድሩ ድንኳን አልተከለም። ሕግ ሰው ይቆጥራል፤ ቤተሰብ ግን የሚቆጥረው ውለታን ነው። ያን ጊዜ ከዝርዝሩ የቀሩ ሁለት ዘመዶቻችን ዛሬም ድረስ አይነጋገሩም። ቅያሜው ከአዋጁ በእጅጉ ረዝሟል፤ አዋጁ የቆየው አምስት ወር ነበርና።

በቤት ውስጥ የሆነውም ሊጤን ይገባል። ልጆች ከትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ቤት ተመለሱ። አንዳንድ አባቶች የልጆቻቸውን ጠባይ ያወቁት ያን ጊዜ ነው ሲባል በየአጋጣሚው ሰምቻለሁ። የምግቡ፣ የእጥበቱ፣ የሕፃናቱና የአረጋውያኑ ሸክም ግን በአመዛኙ በእናቶችና በሴቶች ልጆች ትከሻ ላይ ወደቀ። ለዕለት ጉርሱ በየቀኑ መውጣት ግድ ለሚሆንበት ቤተሰብ ደግሞ «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር ከጅምሩ የሚፈጸም አልነበረም። ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች በወረርሽኙ መካከል የተመለሱ እኅቶቻችን፣ ለዓመታት ገንዘብ ሲልኩለት ወደ ኖሩት ቤት ከመግባታቸው በፊት በለይቶ ማቆያ መሰንበት ነበረባቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ሳይቀሩ ለዚህ ውለዋል።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ሌላውንም ገጽ መጥቀስ ይገባኛል። ያው ደንብ አከራዮች ተከራይን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ድንጋጌ ቤተሰብን መለያየት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ሊያቆይም ይችላል። የገደቡን አስፈላጊነት ለመካድ አልተነሣሁም፤ በ1911 ያለ ቀባሪ የቀሩትን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለመካድ አይደፍርም። የምለው፣ የገደብ ዋጋ በየቤቱ እኩል አልተከፈለም፤ የተከፈለውም አልተመዘገበም ነው።

ታዲያ የእኛ የታሪክ ሰዎች ድርሻ ምንድን ነው? የ2012 ደንብ በመንግሥት መዛግብት ይኖራል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነሣ ተመራማሪ አንቀጹን ያለ ችግር ያገኘዋል። በስልክ የተለቀሰውን ለቅሶ፣ በበር ክፍተት የተቀበሉትን ስንቅ፣ ሳይታረቅ የቀረውን ቅያሜ ግን አያገኝም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። አያቶቻችሁን፣ የዕድር ዳኞችን፣ ከስደት የተመለሱትን ጠይቁ፤ ቃላቸውን ከነቀኑ መዝግቡ። የ1911ን ምስክሮች የሚጠይቅ ሳይኖር አጣናቸው፤ የ2012 ምስክሮች ግን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል።