አዳራሹ ኋላ ነው የመጣው

በላስታዋ ኩልመስክ ላይ ስለ ቴአትር ቤት ቢወራ ብዙው ሰው የአዲስ አበባ ወግ ይመስለዋል። የአዲስ አበባዎቹም ቢሆኑ ግን የተጀመሩት በተገኘው ቤት ነው።

የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ የታየው ቴራስ በሚባል ሆቴል ውስጥ ነበር። በተውኔቱ አውሬዎች እየተናገሩ ሹማምንቱን ሸነቆጡ፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሲኒማ ሲመጣም ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ።

ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት የተወለደው በጭንቅ ሰዓት ነው። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ለወረራ ሲዘጋጅ፣ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። መድረኩ ላይ ይቀርብ የነበረው ንግግር፣ ግጥምና ዘፈን ነው፤ ዓላማው ሕዝቡን ለአገሩ ማነሣሣት ነበር። በወረራው ተዘግቶ በ1934 እንደገና ተነሣ። ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠ ገና በልጅነቱ ድምፁን ያሰማው እዚያ ነው። ብሔራዊ ቴአትርም ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ቤት ነበር፤ በ1948 በንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ።

ወደ ላስታ ስንመለስ ከያኒው ከአዳራሹ ቀድሞ ነበር። አዝማሪው በሰርግ ዳስና በጠላ ቤት ይጫወታል። በገና ዕለት ላሊበላ ቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ፣ ጸሎት ነውና ትርኢት አልለውም፤ ግን ሕዝብና ዜማ እንዴት እንደሚገናኙ ማየት የሚፈልግ ከያኒ ቢሄድ አይከስርም። ከወሎ አራት ቅኝቶች «አንቺ ሆዬ»ን ከላስታ ጋር የሚያያይዙም አሉ።

በደርግ ዘመን ኪነት በየቀበሌው ሲስፋፋ፣ ደሴ ላይ የተሰባሰበው ቡድን የተጠራው «ወሎ ላሊበላ» ተብሎ ነው። ዘፋኟ ማሪቱ ለገሰ ያደገችው በዚህ ቡድን ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚባለው ጉዞ ባሕር ማዶ ከዘፈኑት አንዷ እሷ ነበረች። ላሊበላን በስሙ የያዘ ቡድን ይህን ያህል ሲደርስ፣ በላስታ ቀበሌዎች ስለተጫወቱት ግን ማን ጻፈ?

በኩልመስክና በአካባቢዋ በዚያ ዘመን በኪነት የተሳተፋችሁ፣ ፎቶም ካሴትም ካላችሁ፣ አትጣሉት። ለልጆቻችሁ አብረዋችሁ የተጫወቱትን ስም በስም ንገሩ፤ ቅጂውንም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አስረክቡ።