የምላስ ነርቭ ጥገናና የታካሚው ምስክርነት



የነርቭ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከጦር ሜዳ ነው። እኔ ግን ከእንቁራሪት ምላስ ልጀምር። እንግሊዛዊው ሐኪም አውግስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእንቁራሪትን የምላስ ነርቮች ቆርጦ፣ ከቁርጡ ወዲያ ያለው ክፍል እየፈራረሰ እንደሚሄድ አሳየ። መፈራረሱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የተቆረጠን ነርቭ መስፋት በዚያው ምዕተ ዓመት ቢለመድም፣ የውጤቱ መመዘኛ የተበጀው ግን ዘግይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው።

ኸርበርት ሴዶን በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፈለ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም በ1954 ባሳተመው ዘገባ የስሜትን መመለስ ከ0 እስከ 4 የሚለካ ሚዛን ቀረበ። ሚዛኑ የተሠራው በዋናነት እጅና እግራቸው ለቆሰሉ ወታደሮች ነበር። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች በኋላ ተዋሱት፤ ለምላስና ለከንፈርም አዋሉት።

ይህ ውሰት ያለ ዋጋ አልመጣም። ወታደሩ ጥይት እንደመታው ያውቃል። የምላስ ነርቩ የተጎዳበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የታችኛውን የጥበብ ጥርስ ሊያስነቅል በእግሩ የሄደ ጤነኛ ነው፤ ማደንዘዣው ይለቀኛል ሲል ድንዛዜው አብሮት ይከርማል። ምላሱን ሳያውቅ ይነክሳል፤ ንግግሩ ይጎለድፍበታል። ከዚህም በላይ የበርበሬው ማቃጠልና የጨው ጣዕም ከምላስ ፊተኛ ክፍል የሚጓዙት ምንጫቸው በተለያየ፣ ግን በአንድ ገመድ ውስጥ በተጣመሩ የነርቭ ክሮች ነው። አንዱ ተመልሶ ሌላው ሊቀር ይችላል። በወታደሩ እጅ ላይ የተሠራ ሚዛን ስለ ጣዕም የሚጠይቀው ነገር የለውም።

የሼፊልድ ሐኪሞች በ2000 ያሳተሙት ጥናት ለእኔ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ለዚህ ነው። የምላስ ነርቫቸው የተሰፋላቸውን 53 ሰዎች ተከታተሉ፤ ንክኪንና ሕመምን ለኩ፤ ከዚያም ታካሚዎቹ ራሳቸው የቀዶ ሕክምናውን ጥቅም ከ0 እስከ 10 እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። ስሜት ተሻሻለ፤ ምላስ መንከስም ቀነሰ። ሳይነካ የሚመጣው የመንዘር ስሜት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ግን አልቀነሰም። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ ቀዶ ሕክምናው ጠቅሞናል አሉ። ሰዎቹ ያነጻጸሩት ከጉዳቱ በፊት ከነበረው ምላሳቸው ጋር ሳይሆን በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከነበረው ጋር ይመስለኛል።

ይህን ስል የእርካታ ቁጥር ከመርፌ ምርመራ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። የሰፋ ሐኪም ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዴት ነዎት?» ሲል የሚሰጠው መልስ ውስጥ ምስጋናም ይሉኝታም ይገባበታል፤ የእኛን አገር የሕክምና መዛግብት ያገላበጠ ይህን አይስተውም። ስለዚህ ተማሪዎቼ የእርካታ ቁጥር የያዘ ጽሑፍ ይዘውልኝ ሲመጡ፣ ማን ጠየቀ፣ መቼስ ጠየቀ እላለሁ። ነርቭ ሲያድግ በቀን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ በሁለተኛው ወርና በአሥራ ሁለተኛው ወር የተሰጡ መልሶች የአንድ ሰው ቢሆኑም በአንድ ዓምድ ተደምረው ሊጻፉ አይገባም።