ለወዳጅ ተጽፋ ለዳኛ የደረሰች ጦማር

በሩሲያ የቀድሞ አቆጣጠር ሜይ 26 ቀን 1799፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሰኔ 1 ቀን 1791 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ የተወለደው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን፣ በእናቱ በኩል የአፍሪካዊው የአብራም ሐኒባል የልጅ ልጅ ልጅ በመሆኑ፣ የልደቱ ወራት በመጣ ቁጥር ስሙ በእኛም ዘንድ ይነሣል፤ አዲስ አበባም በስሙ አደባባይ ሰይማለታለች። ቅድመ አያቱ የመረብ ምላሽ ሰው ነው በሚሉ ሊቃውንትና፣ የለም፣ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ካለው ከሎጎን አገር የተወሰደ ነው በሚሉት መካከል የተነሣው ክርክር ብዙ ስለ ተጻፈበት ዛሬ አናነሣውም። የምናነሣው ባለቅኔው ለወዳጆቹ ከጻፋቸው ጦማሮች መካከል የአንዲቱን ታሪክ ነው፤ ይህች ጦማር በጥቂት መስመሮቿ የጸሐፊዋን እንጀራ አሳጥታ፣ እርሱንም ለሁለት ዓመት በግዞት አስቀምጣዋለችና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀኖቹም በቀድሞው የሩሲያ አቆጣጠር ናቸው።

ፑሽኪን በ1811 በጻርስኮዬ ሴሎ ወደ ተከፈተው የመሳፍንት ልጆች ትምህርት ቤት ገብቶ በ1817 ሲወጣ፣ ከዚያ ያፈራው ትልቁ ሀብት ጓደኞቹ ነበሩ። ዴልቪግ፣ ፑሽቺንና ኩሄልቤከር አብረውት የተማሩ ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጡት ቪያዜምስኪና ዡኮቭስኪ ደግሞ በቅኔው ዓለም ተቀብለው ያቀረቡት ናቸው። መንግሥትን በሚነቅፉ ግጥሞቹ ምክንያት በ1820 ወደ ደቡብ ከተላከ በኋላ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚያገናኘው ብዕርና ወረቀት ብቻ ሆነ፤ ስለዚህ በሸንጎ የማይነገረውን ሁሉ፣ የሳንሱሩን ጭካኔ፣ የዕዳውን ብዛት፣ የሌሎችን ግጥም ነቀፌታና የልቡን ትካዜ በዚያ ላይ ያፈስ ነበር። በእናቱ ወገን ያለውን አፍሪካዊነቱንም አልደበቀም፤ በ1824 ሰኔ ለቪያዜምስኪ ሲጽፍ ለግሪኮች ነጻነትን የሚመኝ ሰው ወንድሞቼ ላላቸው ለጥቁሮችም ሊመኝ እንደሚችል አስታውሷል።

በ1823 ወደ ኦዴሳ ተዛውሮ በአገረ ገዥው በቆንት ቮሮንትሶቭ ሥር ተመደበ። ገዥው በእርሱ ዘንድ ባለቅኔን ሳይሆን ሥራውን የማይወድ ትንሽ ጸሐፊ አየ፤ ባለቅኔው ደግሞ ክብሩን የማያውቅ አለቃ አየ። በግንቦት 1824 ቮሮንትሶቭ አንበጣ በእህል ላይ ያደረሰውን ጥፋት መርምሮ እንዲመጣ ወደ ገጠር ባዘዘው ጊዜ ፑሽኪን እንደ ውርደት ቈጥሮት ከሥራ እንዲሰናበት ማመልከቻ አስገባ። ገዥውም በበኩሉ ይህን ሰው ከአገሬ አንሡልኝ እያለ ወደ ፒተርስቡርግ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ለመባረር ምክንያት ብቻ ይፈለግ በነበረበት በዚያ ሰዓት ነበር ምክንያቱ በፖስታ የመጣው።

በዚያው ዓመት በጸደይ ፑሽኪን በሞስኮ ለሚኖር ወዳጁ በጻፋት ጦማር ውስጥ፣ ቅዱስ መጽሐፍንና ሼክስፒርን እያነበበ መሆኑን፣ መንፈስ ቅዱስ አንዳንድ ጊዜ ልቡን ደስ ቢያሰኘውም እርሱ ግን ጎተንና ሼክስፒርን እንደሚያስበልጥ፣ ከዚህም ጋር ከአንድ ጆሮው የማይሰማ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ዘንድ የክህደትን ትምህርት እንደሚማር ገልጾ፣ ሰውየው ፈጣሪ የለም፣ ነፍስም ትሞታለች ለማለት 1000 ያህል ገጽ እንደ ሞላ አወራ። ጦማሯ በፖሊስ እጅ ወደቀች፤ ይህች ክፍል ተገልብጣም ወደ ላይ ወጣች። ጁላይ 11 ቀን 1824 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኔሰልሮደ ለቮሮንትሶቭ በጻፈው ትእዛዝ ባለቅኔው ከመንግሥት ሥራ መሰረዙንና በፕስኮቭ አውራጃ ወደሚገኘው የእናቱ ርስት ወደ ሚካይሎቭስኮዬ ሄዶ በዚያ ባሉት ሹማምንት ጥበቃ ሥር እንዲኖር መወሰኑን አስታወቀ።

ሊቃውንትን የሚያከራክረው የመጀመሪያው ነገር ጦማሯ ለማን ተጻፈች የሚለው ነው። ሙሉዋ ጠፍታ የቀረችው ቁራጭ ብቻ ስለሆነች የተቀባዩ ስም የለባትም። አንዳንዶች ለቪያዜምስኪ ናት ሲሉ፣ ሌሎች ለኩሄልቤከር ይሰጧታል፤ ሁለቱም በዚያ ጊዜ በሞስኮ ነበሩና ከተማይቱ ብቻዋን አትፈርድም። ነገር ግን ኩሄልቤከር በ1820 ወደ ጀርመን አገር በሄደ ጊዜ ከጎተ ጋር በቫይማር ተገናኝቶ የተነጋገረ፣ በ1824ም በሞስኮ ምኔሞዚና የተባለውን ስብስብ ከኦዶየቭስኪ ጋር ሲያሳትም የነበረ፣ በጠባዩም ስለ ነፍስና ስለ አምላክ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ቢያድር የማይሰለች ሰው ነበር። ጎተን ከቅዱስ መጽሐፍ አጠገብ አቁሞ የሚያመዛዝን ቃል ጎተን በዐይኑ ላየ ወዳጅ ቢጻፍ ይስማማል፤ ስለዚህ የኩሄልቤከር ወገን የያዘው ሚዛን ከበድ ያለ ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ክርክር ጸሐፊው በእርግጥ ከሃዲ ነበርን የሚል ነው። ነበር የሚሉት በ1821 በብሥራተ ገብርኤል ላይ የዘበተበትን ግጥም ያነሣሉ፤ ያ ግጥም በ1828 ለምርመራ እንዳስቀረበው እውነት ነው። ዳሩ ግን የተፈረደባት ጦማር ራሷ በጥሞና ስትነበብ ሌላ ትመሰክራለች፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የእንግሊዛዊው ትምህርት የሚያጽናና አለመሆኑን፣ እውነት መምሰሉንም እንደ መከራ እንደሚቈጥረው በዚያው ቦታ ተናግሯልና፤ በክህደቱ የሚመካ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ወደ ግዞቱ ከገባ በኋላም በ1824 መጨረሻ ለወንድሙ ለሌቭ ሲጽፍ አጥብቆ የለመነው መጽሐፍ ቅዱስ እንዲላክለት ነው። በ1826 ለንጉሡ ባቀረበው ማመልከቻ ደግሞ፣ በአንዲት ጦማር ስለ ክህደት በችኰላ በሰጠው ሐሳብ የቀድሞውን ንጉሥ ቍጣ እንዳመጣ ገልጾ ይቅርታ ጠይቋል። በ1837 በጥይት ቆስሎ ሲሞት ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ፣ አስከሬኑም በስቪያቶጎርስክ ገዳም አርፏል። በ24 ዓመቱ የጠየቀውን ጥያቄ እንደ ሃይማኖት መግለጫ አድርገው የወሰዱበት ሹማምንት በደሉት።

የክህደት መምህር የተባለው እንግሊዛዊ ሐቺንሰን የሚባል የቮሮንትሶቭ ቤተ ሰብ ሐኪም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በለንደን ትጉህ ቄስ ሆኖ ታየ ተብሎ ተጽፎለታል።

ባለቅኔው በኦገስት 9 ቀን ሚካይሎቭስኮዬ ሲደርስ የጠበቀው ከኦዴሳ የባሰ ነበር፤ የገዛ አባቱ ሰርጌይ ሊቮቪች ልጁን ሊጠብቅና ጦማሮቹን ሊከፍት ተስማምቶ ነበርና። በጥቅምት ወር በአባትና ልጅ መካከል ከባድ ጠብ ተነሥቶ፣ አባቱ ልጄ ሊመታኝ እጁን አነሣ ብሎ ስለ ጮኸ፣ ፑሽኪን ከዚህ ቤት ምሽግ ይሻለኛል ብሎ ለፕስኮቭ ገዥ ጻፈ፤ ለዡኮቭስኪም አድነኝ የሚል መልእክት ላከ። ለገዥው የጻፈው ግን ሳይደርስ ቀርቶ፣ ወላጆቹም ከርስቱ ሄደው፣ ሞግዚቱ አሪና ሮዲዮኖቭና ብቻዋን ቀረችለት፤ ማታ ማታ ተረት እንደምታወራለትና ብቸኝነቱንም እርሷ ብቻ እንደምታቀልለት ለወዳጆቹ ጽፏል። ጃንዩዌሪ 11 ቀን 1825 ፑሽቺን በበረዶ ላይ በፈረስ ገሥግሦ መጣና አንድ ቀን አብሮት ዋለ፤ በሚያዝያ ደግሞ ዴልቪግ መጣ።

ኩሄልቤከር ግን በታኅሣሥ 1825 በፒተርስቡርግ በተነሣው ዐመፅ ተካፍሎ ሸሽቶ በዋርሶ ተያዘ። ኦክቶበር 14 ቀን 1827 ፑሽኪን በዛላዚ በተባለች የፈረስ መቀየሪያ ጣቢያ የሺለርን መጽሐፍ እያነበበ ሳለ እስረኞች የያዙ ጋሪዎች ደረሱ፤ ከእነርሱም አንዱ ረጅም፣ የገረጣ፣ ጥቍር ጢም ያበቀለ፣ ሻካራ ካፖርት የለበሰ ወጣት ነበር። ባለቅኔው መጀመሪያ አላወቀውም፤ ሁለቱ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ ግን ኩሄልቤከር ሆነና ተጠማጥመው ተሳሳሙ። ዘበኞች አላቀቋቸው፤ መኰንኑ ዛተ፤ እስረኛው ራሱን ሊስት ሲል ውኃ ሰጥተውት በጋሪው ጭነው ነዱት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በሥጋ አልተገናኙም። በ1836 ኩሄልቤከር ከሳይቤሪያ የጻፈለትን ጦማር እንኳ የምስጢር ፖሊሱ ከፑሽኪን ጠይቆ ወሰደ።

ይህን ታሪክ ለማወቅ የቻልነው ወዳጆቹና ወራሾቻቸው ወረቀቶቹን ስላልጣሉ ነው፤ ፖሊሱ ያተረፈው የተቈረጠች ክፍል ሲሆን፣ ወዳጅ ያስቀመጠው ግን ሙሉ ሰው ነው። የእኛም ደራስያንና ባለቅኔዎች ለወዳጆቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በየቤተ ሰቡ ሳጥን ውስጥ ተኝተው ብል ይበላቸዋል፤ ባለቤቶቹም የግል ነገር ነው ብለው ያቃጥሏቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ የሚገኝ አንባቢ ሁሉ፣ ለማሳተም ባይፈቅድ እንኳ፣ ከማቃጠሉ በፊት ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወስዶ በአደራ እንዲያስመዘግብ እንለምነዋለን።