ተከሳሿ ሴት የሆነች ዕለት

በእኛ አካባቢ፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያም ሆነ በእንጅባራ ገበያ፣ «እገሌ እገሊትን ደፈረ» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሴት ልጅ በራሷ ላይ እንዲህ ብላ አትዋሽም፣ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?» ይላል። ሌላው «የሰው ስም በአንድ ቃል ይጥፋ እንዴ?» ይላል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከዋኢል ኢብኑ ሑጅር (ረ.ዐ.) የዘገቡት ታሪክ አለ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ለሶላት የወጣች ሴት በመንገድ ላይ ተደፈረች። ስትጮህ ሰውየው አመለጠ። በዚያው ሌላ ሰው ሲያልፍ «እሱ ነው» አለች፤ ተይዞ ሲመጣም አረጋገጠች። ሊፈረድበት ሲል ግን እውነተኛው ጥፋተኛ ተነስቶ አመነ። ዑለማዎች በዘገባው ዝርዝር ላይ ቢነጋገሩም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሴቲቱ አልዋሸችም። በደሉ ደርሶባታል፤ የተሳሳተችው ሰውየውን በመለየት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አልወቀሷትም፤ አላህ እንደማራት ነግረው አሰናበቷት፤ ያለ ጥፋቱ ለተያዘውም መልካም ቃል ተናገሩት።

ከመካከላችን ደግሞ ሱረቱ-ኑርን ጠቅሶ ተደፈርኩ የምትለዋን «አራት ምስክር አምጪ» የሚል አይጠፋም። አንቀጹ የወረደው የጥብቅ ሴቶችን ክብር ከስም አጥፊ ለመጠበቅ ነበር። ጋሻዋን ነጥቆ መልሶ እሷን መምታት ምን ይባላል?

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ፍርድ ቤት የቆመችው ሰው ገድላለች ተብላ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ታሪኩ በኋላ «ድፍረት» ለተባለው ፊልም መነሻ ሆኗል። «ለተከሳሽ መብት ማሰብ ወንድን ማዳን ነው» የሚሉ ወገኖች ይህችን ልጅ ቢያስቧት ደግ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹህ እንዲቆጠር፣ ጠበቃ እንዲኖረው፣ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። በዚያ ችሎት የዚህ ሁሉ ባለቤት እሷ ነበረች።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን በፈቃዷ ካገባት ክሱን ያስቀር ነበር። የተጠለፈች ልጅ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻውም ከተጠያቂነት አያድንም።

ሽምግልናው ግን በብዙ ቦታ አሁንም ሕጉን ይቀድመዋል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ «ታርቀዋል» ይባላል። በዚያ ጉባኤ ልጅቱ ምን እንደደረሰባት አትጠየቅም። የተከሰሰውም አድርጎ እንደሆነ ወይም እንዳላደረገ በማስረጃ አይጣራም፤ ካሣውን ግን አባቱ ይከፍላል።