ኪል ፖትና ተጨማሪ ብላይንድ

ኪል ፖት አንድ የፖከር ተጫዋች በተከታታይ ሁለት እጅ ሲበላ፣ ወይም የቤቱ ደንብ ከወሰነው በላይ የሆነ መደብ ሲጠቀልል፣ ለቀጣዩ እጅ ካርታ ሳያይ ተጨማሪ ገንዘብ በግዴታ የሚያስይዝበት ሥርዓት ነው። የዚያ እጅ ውርርድም ከወትሮው ከፍ ይላል፤ እጥፍ ከሆነ ሙሉ ኪል፣ አንድ ተኩል ከሆነ ግማሽ ኪል ይባላል። ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ስትራድል ግን በፈቃድ የሚቀመጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከትልቁ ብላይንድ፣ ማለትም ከሁለቱ የግዴታ ቅድመ-ውርርዶች ትልቁን ካስያዘው፣ በስተግራ ያለው ተጫዋች የትልቁን ብላይንድ እጥፍ ካርታ ከመታደሉ በፊት ያስይዛል።

ኪል በዋነኛነት የአሜሪካ ልማድ ሲሆን የሚዘወተረውም የውርርዱ መጠን አስቀድሞ በተወሰነበት በሊሚት ጨዋታ ነው። በአውሮፓ ጠረጴዛዎች ኖ-ሊሚት ሆልደምና ፖት-ሊሚት ኦማሃ ስለሚበዙ ተጫዋች ይበልጥ የሚገጥመው ስትራድል ነው። ሆኖም ሊሚት ለኔዘርላንድስ ባዳ አይደለም፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና አምባር እ.ኤ.አ. በ2008 ያስገኘው ሮብ ሆሊንክ ያሸነፈው 10,000 ዶላር በሚያስከፍለው የሊሚት ሆልደም ውድድር ነበር።

ስልቱ የሚለወጠው በሂሳቡ ምክንያት ነው። ውርርዱ 4 እና 8 ዩሮ በሆነ ጠረጴዛ ብላይንዶቹ 2 እና 4 ዩሮ ናቸው እንበል። በተለመደው እጅ ወደ 8 ዩሮ ከፍ አድርጎ ብላይንዶቹን ለመስረቅ የሚሞክር ሰው 6 ዩሮ ለማግኘት 8 ያስይዛል፤ ሌሎቹ ወዲያው ካርታቸውን ካልጣሉለት ሌላ ተስፋ ከሌለው ከ100 በ57ቱ ሊሳካለት ይገባል። በሙሉ ኪል በብላይንዶቹ ላይ 8 ዩሮ ኪል ስለሚጨመር ለ14 ዩሮ 16 ያስይዛልና 53 ይበቃዋል። በግማሽ ኪል ደግሞ ለ12 ዩሮ 12 ስለሆነ 50 ነው። ብዙ ሰው ሙሉ ኪልን ሲፈራ ግማሹን ይንቃል፤ ከውርርዱ አንጻር መሃል ላይ የተቀመጠው ገንዘብ የሚበዛው ግን በግማሹ ነው።

ይሁንና የሚጠብቁት ባላንጣዎች ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። ኪሉን ያስያዘው ሰው ከፍ የተደረገበትን ለመግጠም በሙሉ ኪል 8 ዩሮ ብቻ ስለሚጨምር ከጠቅላላው 38 ዩሮ 21 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል ካለው ያዋጣዋል። ስለዚህ በደካማ ካርታም ቢሆን በቀላሉ አይለቅም። ትልቁ ብላይንድ ግን 12 ዩሮ መጨመር ስላለበት 29 በመቶ ገደማ ያስፈልገዋል፤ በተለመደው እጅ 22 ይበቃው ነበር። እንደ ወትሮው ብላይንዱን ለማዳን የሚሟገት ሰው በኪል እጅ ገንዘቡን ይበትናል። ቦታው እንደ ትንሹ ብላይንድ ሆኗልና ጠበቅ ማለት አለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ነገር ኪል ከመምጣቱ በፊት ያለው እጅ ነው። አንድ ጊዜ የበላ ተጫዋች በሚቀጥለው እጅ 6 ዩሮ ብላይንድ ቢሰርቅ ብዙ ሳይቆይ 8 ዩሮ እንዲያስይዝ ይገደዳል። ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ባይሆንም ሌብነቱን ያረክሰዋል፤ በደካማ ካርታ የሚደረገው ስርቆት መቅረት አለበት። አንዳንድ ቤቶች ብላይንድ ብቻ የተበላበትን እጅ ስለማይቆጥሩት ከመቀመጥ በፊት ካርታ አዳዩን መጠየቅ ይጠቅማል። ኪል ያስያዘው በተራው ነው ወይስ ከሁሉም በኋላ የሚወስነው የሚለውም እንደዚሁ ከቤት ቤት ይለያያል።

በኖ-ሊሚት ጉዳዩ ሌላ ነው። ብላይንዱ 1 እና 2 ዩሮ በሆነበት ጠረጴዛ 200 ዩሮ የያዘ ሰው 100 ትልቅ ብላይንድ አለው፤ 4 ዩሮ ስትራድል ሲመጣ ወደ 50 ይወርዳል። ትናንሽ ጥንዶችና ተከታታይ ካርታዎች ሲሳካላቸው የሚከፈላቸው ስለሚያንስ ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ትላልቅ ካርታዎች ይጠነክራሉ።

ሕጉን በተመለከተ፣ መቀመጫው ሄግ የሆነው የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ፖከርን የዕድል ጨዋታ ብሎታል። የካዚኖ ፈቃድ ያለውም የመንግሥት ንብረት የሆነው ሆላንድ ካዚኖ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹ በሮተርዳም ቬና ጎዳና፣ በአምስተርዳም ማክስ ኡቨ አደባባይና በሄግ ስኬቬኒንገን ይገኛሉ። ከጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚገባ ሰው ሁሉ ክሩክስ ከተባለው ከቁማር የታገዱ ሰዎች ማዕከላዊ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ራሱን ያስመዘገበ ሰው ቢያንስ ለ6 ወር አይገባም።