በሕክምና የተገኘ እርግዝናና ጨቅላው፦ ከኦልድሃም እስከ አዳማ

ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978) በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በተባለች ከተማ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። የዓለም ጋዜጦች ከማሕፀን ውጪ ስለተጀመረው ጽንስ ሲያትቱ፣ ለማዋለጃ ክፍል ባለሙያ የሚበጀው ዝርዝር ብዙም ሳይወሳ አለፈ። እናትየዋ በእርግዝናዋ መጨረሻ ፕሪኤክላምፕሲያ ይዟት ስለነበር ሕፃኗ የተወለደችው ቀኗ ጥቂት ሲቀረው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ክብደቷም 2.6 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከአንድ እርግዝና ሕግ አይወጣም። ይሁንና በዚህ መንገድ በሚገኙ እርግዝናዎች የደም ግፊት እንደሚበዛ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ ሮበርት ኤድዋርድስና ጂን ፐርዲ በዚያ ሙከራ የተጠቀሙት በመድኃኒት ባልተነካ የወር ዑደት የተገኘች አንዲት እንቁላልን ነበር፤ ወደ ማሕፀን የገባውም አንድ ጽንስ ነው። ሙያው ከዚህ ልከኛ ጅማሬ ፈጥኖ ራቀ። እንቁላል የሚያበዙ መድኃኒቶች ቀድሞም ነበሩ፤ ዛሬም በብዙ አገር የመጀመሪያ ምርጫ ከሚሆኑት አንዱ የሆነው ክሎሚፌን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ውጤቱን ለማሳደግ ሲባል ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ጽንስ በአንድ ጊዜ ማስገባት ተለመደ። መንታው በዛ፤ ያለ ጊዜው የሚወለደውም እንዲሁ። የማርገዣውን ክፍል ስኬት ብለው የመዘገቡትን፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሸክም አድርጎ ተቀበለው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2003 በአብዛኛው አንድ ጽንስ ብቻ እንዲገባ ደነገገች። በቀጣዩ ዓመት የታተመ የስካንዲኔቪያ ጥናት 661 ሴቶችን በሁለት መድቦ አነጻጸረ። ሁለት ጽንስ በአንድ ጊዜ ከገባላቸው ሴቶች 42.9 በመቶው፣ አንድ ገብቶ ካልያዘ ሌላ የቀዘቀዘ ጽንስ ከተጨመረላቸው ደግሞ 38.8 በመቶው ልጅ ወለዱ። ከወለዱት መካከል የመንታ ድርሻ ግን 33.1 በመቶ በ0.8 በመቶ ነበር። አራት በመቶ ያህል ለማትረፍ ሢሶውን ለመንታ ሥጋት መዳረግ፣ ማሞቂያ አልጋ በተረፈበት አገር እንኳ የማያዋጣ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ሆኖ የተጸነሰውም ቢሆን ከሥጋት ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠናቀረ ትንታኔ ያለ ጊዜ የመወለድና በወሊድ ዙሪያ የመሞት ዕድል በተፈጥሮ ከተጸነሱት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል፤ ብዙዎቹ ግን ደኅና ሆነው ይወለዳሉ።

የሚገርመው፣ ሉዊዝ በተወለደችበት ዓመት በኮሎምቢያ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ በማሞቂያ ሣጥን እጥረት ተገፍተው ጨቅላውን በእናቱ ደረት ላይ ማቀፍን ጀመሩ። የካንጋሩ የእናት እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው 123 ዝቅተኛ ክብደት ያላቸውን ጨቅላዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ሳይረጋጉ በካንጋሩ ዘዴ ከተያዙት የሞቱት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ደግሞ 38 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንክብካቤው ወዲያው እንዲጀመር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2022 መሆኑን ስናስብ፣ የአዲስ አበባው ሥራ ምን ያህል ቀዳሚ እንደነበር እንረዳለን።

የእነዚህ ሁለት ታሪኮች መገናኛ ዛሬ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ልጅ አጥተው ከተመረመሩ ሴቶች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። የሉዊዝ እናትም ችግር የተዘጋ የማሕፀን ቱቦ ነበር። ሕክምናው እንግዲህ ከመነሻው ለአፍሪካዊቷ ሴት የሚስማማ ቢሆንም፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማእከል ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ አቅም ያለው ባሕር ማዶ ይሻገር ነበር፤ ሌላው ጉዲፈቻ ያሳድጋል። ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ ወደ ሕጋችን የገባ ነው።

ከሞጆ፣ ከመቂ ወይም ከባቱ የተነሣች ሴት አዲስ አበባ ታክማ ትመለሳለች። ክትትሉ በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ይቀጥላል፤ መንታው በ32ኛው ሳምንት ምጥ ቢያመጣ የሚቀበላት በሚሲዮናውያን የተመሠረተው፣ ቀድሞ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ስንት ጽንስ ይግባ የሚለው ውሳኔ ዋና ከተማ ላይ ይወሰናል፤ ውጤቱን የሚሸከመው አዳማ ነው። ንብረቱን ሸጦ የታከመ ባልና ሚስት «ሁለት ይሁንልን» ቢል አይፈረድበትም። መልስ መስጠት ያለበት ሐኪሙ ነው።

ነፍሰ ጡሯ ደግሞ እርግዝናዋ በሕክምና መገኘቱን አማቷ ፊት አትናገርም። ለብቻዋ ሊጠይቋት ይገባል። ጥያቄው ለወሬ አይደለም፤ ጽንሱ የገባበት ቀን ከታወቀ የእርግዝናው ዕድሜ ያለ ግምት ይታወቃል። የአምስት ቀን ጽንስ በገባበት ዕለት እርግዝናው 2 ሳምንት ከ5 ቀን ይባላል፤ መውለጃውም ከዚያ 261 ቀን በኋላ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ መስከረም 10 የገባ ጽንስ ሰኔ 1 ይጠበቃል፤ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን እርሷም ትቆጠራለች። ሌሊት ምጥ ይዟት ለደረሰች እናት፣ ለጽንሱ ሳንባ የሚሰጠው ስቴሮይድ በ33ኛው ሳምንት ይታዘዝላት ወይስ በ36ኛው ይታለፋት የሚለውን የሚለየው ይህ በካርዷ ላይ የተጻፈ ቀን ነው።