የዌስት ፖይንት ደጅ ጠኚዎች

ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥቶ በሐድሰን ወንዝ ዳር ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ወንዙ በቋጥኝ ተገፍቶ ከሚታጠፍበት ስፍራ ሲደርስ፥ በግራጫ ድንጋይ የታነጸ፥ ምሽግም ገዳምም የሚመስል ታላቅ ሕንጻ ከአፋፉ ላይ ያያል። ይህም በ1802 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጊዜ በሕግ የቆመው የአሜሪካ የጦር አካዳሚ፥ ዌስት ፖይንት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የተጻፈው ታሪክ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ወጣቱ በሩን አልፎ፥ ጠጉሩን ተቆርጦ፥ ግራጫውን የደንብ ልብስ ከለበሰበት ዕለት ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ያለፈው ዘመን፥ ይልቁንም አንድ ጊዜ አይሆንም ተብሎ የተመለሰ ልጅ ዳግመኛ ለመቅረብ የተሰናዳበት የደጅ ጥናት ዓመት፥ እንደ ትርፍ ነገር ይታለፋል። እኔ ግን ያ ዓመት ራሱን የቻለ ታሪክ ያለው ይመስለኛል፤ አንድ ተቋም ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ፥ በውስጡ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ፥ ከደጁ ቆሞ ለመጠበቅ አቅም ያገኘው ማን እንደ ነበረ አጥርቶ ይናገራልና።

ወደ አካዳሚው የሚያስገባው በር አንድ አልነበረም። አስቀድሞ በልማድ ኖሮ በ1843 በሕግ የጸናው ሥርዓት፥ እያንዳንዱ የሕዝብ እንደራሴ ከምርጫ ወረዳው አንድ ወጣት በአካዳሚው እንዲኖረው ፈቀደ፤ ፕሬዚዳንቱም በራሱ ሥልጣን የሚሾማቸው ጥቂት ቦታዎች ነበሩት፤ እነዚህንም ይበልጡን የመኮንኖች ልጆች ይሻሟቸው ነበር። ስለዚህ ወጣቱ መጀመሪያ ከባለሥልጣን ደጅ ሹመት መለመን፥ ቀጥሎ የትምህርቱን ፈተና ማለፍ፥ በመጨረሻም በሐኪም ፊት ራቁቱን ቆሞ ጤናማነቱን ማስመስከር ነበረበት። ከሦስቱ በአንዱ የወደቀ ለከርሞ ይመለሳል፤ ይኸውም ዕድሜው ከ22 ዓመት ያላለፈ እንደ ሆነ ነው። አንዳንዱ እንደራሴ የወረዳውን ልጆች ሰብስቦ በውድድር ይፈትን ነበር፤ ሌላው ግን ሹመቱን ለወዳጁ ልጅ ይሰጠዋል። በደጅ ጥናት ላደገ ለእኛ አገር አንባቢ የዚህን አሠራር ነገር ማብራራት አያሻም።

ከተመላሾቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ዳግላስ ማካርተር ነው። አባቱ በእርስ በርስ ጦርነት ጀብዱ የሠራ መኮንን ሲሆን፥ በቤተ ሰቡ ዘንድ ልጁ ዌስት ፖይንት መግባቱ እንደ ተቆረጠ ነገር ይቆጠር ነበር። ነገር ግን አስቀድሞ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ፥ በኋላም ፕሬዚዳንት ማኪንሊ፥ ታላላቅ ሰዎች የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉለትን ይህን ወጣት ሳይሾሙት ቀሩ፤ በዚህ ላይ የጤና ምርመራ ሲያደርግ የአከርካሪ አጥንቱ መጉበጡ ታወቀ። ከዚህ በኋላ ነገሩን በእጇ ያስገባችው እናቱ ሜሪ ናት። ባልዋን በሥራው ቦታ ትታ፥ ልጅዋን ይዛ፥ የአማቷ ዝምድናና ዝና ወደነበረባት ወደ ሚልዋኪ ከተማ ሄደችና ፕላንኪንተን ሃውስ በሚባለው ሆቴል ተቀመጠች፤ ይህም ልጁ የዚያ ወረዳ ነዋሪ ተብሎ የእንደራሴ ቴዎባልድ ኦትየንን ሹመት ለመወዳደር እንዲችል ነው። እርሱም በየቀኑ ከሆቴሉ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ እየተመላለሰ ከመምህርቱ ጋር የጎደለውን ትምህርት ሲያሟላ፥ ሐኪሙ ደግሞ ጀርባውን ለማቅናት ይደክም ነበር።

በ1898 የጸደይ ወራት ከመፈተኑ በፊት በነበረው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣና ሲነጋም ልቡን እንዳጥወለወለው፥ እናቱም በራሱ እንዲተማመን እንደ መከረችው፥ በስተርጅና በጻፈው ትዝታው ነግሮናል። ውጤቱ ሲነገር የእርሱ 93.3፥ የተከታዩ 77.9 ሆነ። በ1899 ገብቶ በ1903 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ፤ እናቱም በእነዚያ ዓመታት ከአካዳሚው አጠገብ ካለው ሆቴል ተከራይታ ቅርብ ሆና ትጠብቀው ነበር። ታሪኩ በጽናት ምሳሌነት ዘወትር ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ሳነበው የሆቴሉን ኪራይና የሐኪሙን ዋጋ ሳላስብ ማለፍ አልችልም። በፈተናው ቀን ሁሉም እኩል ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ወንበሩ ያደረሳቸው ጎዳና ግን እኩል አልነበረም።

ጆርጅ ፓተንም እንዲሁ ከባለጸጋ ቤት የወጣ የካሊፎርኒያ ልጅ ሲሆን፥ አባቱ ለሴናተር ባርድ ደብዳቤ ሲያከታትል እርሱ በቨርጂኒያ የጦር ኮሌጅ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1904 ገባ፤ ከገባም በኋላ በሒሳብ ወድቆ የመጀመሪያውን ዓመት ደገመ።

እንዲህ ያለው የጥበቃ ዓመት እየተለመደ ሲሄድ የራሱን ንግድ ወለደ። የባሕር ኃይሉ አካዳሚ በሚገኝበት በአናፖሊስ ከተማ ሮበርት ወርንትዝ የሚባል መምህር ለመግቢያው ፈተና ብቻ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ተማሪዎቹን በአሮጌ የፈተና ጥያቄዎች እያለማመደ ብዙ ትውልድ አሳልፏል፤ ወጣቶቹም በቀልድ «የቦቢ ጦር ኮሌጅ» ይሉት ነበር። የዚህ ትምህርት ዓላማው ዕውቀት ሳይሆን የፈታኙን ጠባይ ማወቅ ነው፤ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ የተሸጠ ትምህርት ብዙ አላውቅም።

ለመምህር የሚከፍሉት ያልነበራቸው ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደዋል። በካንሳስ ጠቅላይ ግዛት፥ አቢሊን በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ኤድዋርድ ሄዝሌት የሚባል ልጅ ለአናፖሊስ ዕጩ ሆኖ ተሹሞ ሳለ በሒሳብ ፈተና ስለ ወደቀ፥ ሁለተኛ ለመሞከር ቆርጦ በ1910 ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያም ድዋይት አይዘንሃወር የሚባለው ጓደኛው የወንድሙን የኮሌጅ ወጪ ለመርዳት በከተማው ወተትና ቅቤ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሄዝሌት ማታ ማታ መጽሐፉን ይዞ ወደ ፋብሪካው ይመጣል፤ ማሽኑ እየጮኸ፥ የማሞቂያው እሳት እየነደደ፥ ሁለቱ ከማቀዝቀዣው ክፍል አይስክሬም እያወጡ እየበሉ ሲጨዋወቱና ሲያጠኑ ያመሻሉ። ሄዝሌት እንደ ብዙዎቹ ደጋሚዎች ብቻውን መጠበቅ ስላስጠላው ጓደኛውን አብሮት እንዲያመለክት ወተወተው፤ አይዘንሃወርም ወጪ የሌለበት ትምህርት መሆኑን ሲሰማ ተስማማና ለሴናተር ብሪስቶ ጻፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የታሪክ ፌዝ ነው። አይዘንሃወር ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ሆኖም የባሕር ኃይሉ ሕግ ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ስለማይቀበል፥ የተመኘው አናፖሊስ በዕድሜው ምክንያት ተዘጋበትና በ1911 ዌስት ፖይንት ገባ። ወዳቂው ሄዝሌት በበኩሉ በዚያው ዓመት አናፖሊስ ገባ። ስለዚህ በ1944 በኖርማንዲ ዳርቻ የወረደውን ሠራዊት ያዘዘው ሰው ወደ ጦሩ የመጣው፥ ጓደኛው በሒሳብ አንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ ሰዎች ሄዝሌት በ1958 እስኪሞት ድረስ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

መንግሥት ራሱ የደጁን ዓመት ወደ ግቢው ለማስገባት ዘግይቷል። በ1916 ከተራ ወታደርነት ተመርጠው ለሚገቡ ቦታ በሕግ ተፈቀደ፤ በ1946 ደግሞ ዕጩዎችን አንድ ዓመት የሚያሰናዳ የመሰናዶ ትምህርት ቤት በይፋ ተቋቋመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እደርሳለሁ፤ ይኸውም የቤንጃሚን ዴቪስ ልጅ፥ የአባቱን ስም ሙሉ በሙሉ ወርሶ ታናሹ ዴቪስ የሚባለው ሰው ጉዳይ ነው። አባቱ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ በ1901 በፈተና መኮንንነት ያገኘ፥ በሠራዊቱ ውስጥ ብርቅ የሆነ ጥቁር ሰው ነበር። ልጁ በ13 ዓመቱ ዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው ቦሊንግ የአውሮፕላን ሜዳ፥ አባቱ ከፍሎለት በአንድ ትርኢተኛ አውሮፕላን ከበረረ ጀምሮ ልቡ ከሰማይ አልወረደም። ነገር ግን ዌስት ፖይንት ከተመሠረተ ጀምሮ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ጥቁሮች ፍሊፐር በ1877፥ አሌክሳንደር በ1887፥ ያንግ በ1889፥ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከያንግ በኋላ ማንም አልተመረቀም። በመላው ምክር ቤትም ጥቁሩ እንደራሴ ኦስካር ዴፕሪስት አንድ ብቻውን ነበር፤ ወረዳውም በቺካጎ ነው። ስለዚህ በክሊቭላንድ ከተማ ኮሌጅ የጀመረው ወጣት፥ የማካርተር እናት እንዳደረገችው፥ ሹመት ወደሚገኝበት ወረዳ ዞሮ መኖሪያውን ቺካጎ አደረገ።

ዴፕሪስት በ1931 ሾመው። ዴቪስ ግን ተፈትኖ ወደቀ። ያንን ውድቀት ከሌሎቹ የሚለየው፥ የአንድ ልጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጥቁሮች የአእምሮ ብቃት የላቸውም ለሚሉት ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር ነበርና። አንድ ዓመት ሙሉ አጥንቶ በ1932 ዳግም ተፈተነና አለፈ፤ በሐምሌ መጀመሪያ ግቢው ገባ።

በእነዚያው ዓመታት በቺካጎ ሌላ ደጅ ጠኚ እንደ ነበረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቅ ይገባዋል። ጆን ሮቢንሰን የተባለው መካኒክ የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ማመልከቻውን ደጋግሞ ስለ መለሰበት፥ በዚያው ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረና ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር፤ በኋላም ተማሪ ሆኖ ገብቶ በ1931 ተመረቀ። በ1935 ወደ አገራችን መጥቶ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለንጉሠ ነገሥቱ የበረረው፥ ከነጻነትም በኋላ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነውና በ1954 በአዲስ አበባ ያረፈው እርሱ ነው።

ወደ ዴቪስ ልመለስ። በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሕንጻው ምድር ቤት ስብሰባ መጠራቱን አይቶ እንደ ሌሎቹ ሊሳተፍ ሲወርድ፥ ከበሩ ሳይደርስ፥ በውስጥ ያሉት ስለ እርሱ ምን እንደሚያደርጉ ሲመካከሩ፥ በዘሩም በስድብ ስም ሲጠሩት ሰማና ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ግዴታ በቀር ያነጋገረው ካዴት አልነበረም፤ ለሁለት ሰው በተሠራው ክፍል ብቻውን አደረ፥ በገበታው ላይ በዝምታ በላ፥ በሜዳ ልምምድ ብቻውን በድንኳን ተኛ። ይህ ዝምታ በጥንቱ ልማድ ክብሩን ላጎደለ ካዴት የሚፈረድ ቅጣት ሲሆን፥ በእርሱ ላይ ያለ በደል ተፈጸመ። ስለዚህ በ1932 ያለፈው ፈተና በሩን ከፈተለት እንጂ አላስገባውም ማለት ይቻላል። አለቆቹ ይህን እያዩ ዝም ማለታቸውን ለወጣቶቹ ክፋት ብቻ ለመስጠት የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም፤ ግቢው በየሰዓቱ ደወል የሚተዳደር፥ አንድ ቁልፍ ሳይቆለፍ ቢገኝ የሚያስቀጣ ስፍራ ነበርና።

በ1936 ሰኔ፥ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች አንድ ወር አልፎ፥ ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆኖ ወጣ። ከመመረቁ በፊት አየር ኃይል ለመግባት አመልክቶ ነበር፤ የጥቁሮች ክፍል በአየር ኃይሉ ስለሌለ አይቻልም ተብሎ ተመለሰና ወደ እግረኛ ጦር ተላከ። ሁለተኛው ደጅ ጥናት አምስት ዓመት ወሰደ። በ1941 መንግሥት በተስኪጊ የጥቁሮችን የበረራ ሥልጠና ሲከፍት ዴቪስ ለምርመራ ፎርት ራይሊ ቀረበ፤ የጦሩ ሐኪምም ጥቁር አመልካቾችን በሙሉ ለመጣል የለመደ ነበርና የሚጥል በሽታ አለበት ብሎ ጻፈበት። በሽታው ፈጽሞ ያልነበረበት ሰው ወደ ማክስዌል የአየር ሜዳ ተልኮ እንደገና ሲመረመር ያለ እንከን አለፈ፤ የሚጽፈው ሐኪም ሲለወጥ በሽታው አብሮ ጠፋ። በሐምሌ 1941 ከጀመሩት 13 ሠልጣኞች መካከል በመጋቢት 1942 የአብራሪነት ክንፍ የተሰጣቸው 5 ሲሆኑ፥ ከእነርሱ አንዱ ካፒቴን ዴቪስ ነበረ፤ በወራት ውስጥም የ99ኛው ተዋጊ ጓድ አዛዥ ሆኖ ተሾመ።